አንዱ ሲነበብ ሌላው ይቆለፋል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ሶፋው ላይ ወረወረችው። ከዩኒቨርሲቲዋ ቤተ መጻሕፍት በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ ልትዋስ ብትጠይቅ፣ «ሌላ አንባቢ ይዞታል፤ ተራዎን ይጠብቁ» የሚል መልስ መጣላት። ወረቀት እንኳ ያልሆነ ነገር እንዴት በሰው ይያዛል ብላ ተንጨረጨረች። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ይህን ሕግ ድሮ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ያውም ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ።

ፍላሽ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ሸህ ይማም የሚባሉ የከላላ ሰው በየመንደሩ እየዞሩ ከአረጋውያን የሰሙትን የአገራችንን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመው ነበር። እኛ ዘንድ የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የታሪክ መምህሩ ለፈተና እሱን አንብቡ ብሎ ተማሪዎቹን ሲልክብኝ በሩ ላይ ግፊያ ሆነ። እኔም ሳይጠሩኝ አቤት ባይ ነኝና፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ስካን አድርጌ ኮምፒውተሮቹ ላይ ጫንኩት። ተማሪው በፍላሽ እየገለበጠ ወሰደ። ሲመርቁኝ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተኮፍሼም ነበር።

በጥቅምት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሸህ ይማም በበቅሎ መጡ። መጽሐፋቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊሸጡ ቢቀመጡ፣ ተማሪዎቹ በፍላሽ ይዘነዋል እያሉ አለፏቸው። ከሰዓት በኋላ ከረጢቱን እንደሞላ ይዘው ወደ እኔ ገቡ። ገና «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ከረጢቱን አይቼ ነገሩ ገባኝ። ጭቃ የነካውን ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና ለመንገድ የያዙትን የባቄላ እሸት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ብይ አሉኝ። እኔም ፈልፍዬ ዋጥኩ።

በዝግታ ነገሩኝ። ሁለተኛው ክፍል በደብተር ተጽፎ ቤታቸው ተቀምጧል፤ የሚታተመው የመጀመሪያው ሲሸጥ ነው። ታሪኩን ካወሩላቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አልፈዋል። ያን ደብተር አይጥ ከበላው ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም።

«አባትሽ ደረሳ ነበሩ አሉ» አሉኝ ቀጥለው። «ኪታብ ሲገለብጡ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ባለቤቱን ያስፈቅዱ ነበር» አልኩ። አባቴ በወጣትነቱ የኪታብ ተማሪ ሳለ፣ የሰው ኪታብ በእጁ ከመገልበጡ በፊት ባለቤቱ ዘንድ ሄዶ ያስፈቅድ ነበር። ሳይፈቀድ የተገለበጠ በረካ የለውም ሲል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ማሽን ሲገለብጠውም ያው መሆኑ ግን ፈጽሞ አልታየኝም ነበር።

«አፉ ይበሉኝ፤ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አልኩ።

«አብሽሪ ልጄ። ማጥፋቱስ ለማን ይበጃል? እኛ ለአንድ ኪታብ ስንትና ስንት ሆነን ተራ እንጠብቅ ነበር። አንድ ገዝታችኋል፣ አንድ ሰው ያንብብ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲነበብ ወረቀቱን ቆልፊው፤ ወረቀቱ ሲወጣ ኮምፒውተሩን ዝጊው።»

ከዚያ ከከረጢቱ አንድ መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝ፤ በሉ እንግዲህ አሁን ሁለት ሰው ያንብብ ብለው። ሲወጡ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ መጽሐፉን የምታነበውን ተማሪ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ «ቶሎ ጨርሺ፤ ከኋላሽ ሰው አለ» አሏት።

በየፍላሹ ያለውን ቅጂ ለማስጠፋት ተማሪ ሳሳድድ ወር አለፈ። መምህሩም ክፍል ውስጥ ነገሩን ሲያስረዳ ብዙዎቹ አጠፉ፤ ገንዘብ አዋጥተው የገዙም ነበሩ። ሸህ ይማም ለአለቆቼ ቢከሱኝ ኖሮ ከሥራዬ እባረር ነበር፤ እሳቸው ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሁለተኛው ክፍል ሲታተም ከእሱ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእኛ አመጡ። ቆይቶ ስለ ቅጂ መብት አዋጅ ሥልጠና ስወስድ ትምህርቱ አልከበደኝም፤ ቀድሜ ከባቄላ እሸት ጋር ውጬው ነበር። አላህ ይዘንላቸው፣ ውለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ትናንት የልጄ ተራ ደረሰ። ስልኳ ላይ አቀርቅራ ስታነብ፣ ቶሎ ጨርሺ፣ ከኋላሽ ሰው አለ አልኳት።

«ማን?» አለችኝ።

ማን እንደሆነ አላውቅም። ሸህ ይማምም ከዚያች ተማሪ ኋላ ያለውን ሰው አያውቁትም ነበር፤ ግን ተራውን አስጠብቀውለታል።