የከበደው እጅ

ሌስተር ቦድናር በደረት ኪሱ ሁልጊዜ አንድ ካርድና አንድ የእርሳስ ቁራጭ ይይዛል። ካርዱ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ «ሩጫ»፣ በቀኝ «ውርወራ» ይላል። የሚያሠለጥነው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ለማጥቃት በተሰለፈ ቁጥር፣ ኳሱ ተይዞ ከተሮጠ በግራ፣ ከተወረወረ በቀኝ አንድ ጭረት ያሰምርበታል። በኅዳር ሁለተኛ እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ በቀኝ በኩል አምሳ አንድ፣ በግራ አሥራ ሦስት ጭረት ነበር። ተሸንፈዋል። ኳስ ወርዋሪው ኬሌብ ስምንት ጊዜ መሬት ላይ ተደፍቷል፤ በስምንተኛው ሲነሣ የት ከተማ እንዳለ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ፈጅቶበታል።

«አምሳ አንድ» አለ ሌስተር፣ ለማንም ሳይሆን። ካርዱን ኪሱ ከተተው። እቤቱ በጫማ ካርቶን ውስጥ እንዲህ ያሉ ካርዶች ሞልተውለታል፤ ማንም አንብቧቸው አያውቅም።

የተወለደው እዚያው ቶሌዶ ነው። አባቱ በመስታወት ፋብሪካ ምድጃ ፊት አርባ ዓመት ቆሞ ጡረታ ወጣ። ሌስተር ትከሻው ሰፊ ስለነበረ ትምህርት ቤት ፊት መስመር ላይ አሰለፉት፤ ኳስ ከሚነኩት ጋር ሳይሆን፣ ኳስ የሚነኩት እንዳይነኩ ከሚገፉት ጋር። ጉልበቱ ኮሌጅ ላይ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ መግፋትን ሲያስተምር ኖረ፤ መጀመሪያ ለተማሪዎች፣ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ደግሞ በዚሁ ሥራ ለሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች። አምስት ከተማ ዞሯል። ዋና አሰልጣኝ በተባረረ ቁጥር ረዳቶቹም አብረው ይባረራሉ፤ ሚስቱ ዶሎሬስ ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች፣ ሌላ ከተማ ደርሳ ታወጣለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቶሌዶ ቡድን ሲቀጥረው «ከእንግዲህ ሳህን አልጠቀልልም» አለች። አልጠቀለለችም። ባለፈው መጋቢት ሞተች።

ዶሎሬስ ስታዲየም መግባት አትወድም ነበር፤ ብርዱ ወገቧ ላይ ይቆማል። እሑድ እሑድ ከእህቷ ከማርጂ ጋር ሳሎን ተቀምጣ በቴሌቪዥን ታያለች። ሌስተር ከጨዋታ በኋላ ሲደውልላት፣ ስለ ውጤቱ ሳያወሩ፣

«ዛሬ ስንቱን አገኘሽ?» ይላታል።

«አራት ብቻ ሳትኩ።»

ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ሩጫ ይሁን ውርወራ መገመት ጨዋታዋ ነበር። ሌስተር ይስቃል። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት የባሏን ልብ ብታውቅ ምን ይገርማል?

አሁን የሚደውልለት ሰው ስለሌለ ካርዱን ብቻ ያያል።

ረቡዕ ጠዋት ሌስተር የማጥቃቱን ዕቅድ ወደሚያወጣው ወደ ትሬንት ሃስኪንስ ቢሮ ገባ። ትሬንት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጢሙን በጥንቃቄ ይከረክማል፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የለም። ሌስተር ካርዱን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠለት።

«ደግሞ መጣህ በካርድህ?» አለ ትሬንት።

«አምሳ አንድ ለአሥራ ሦስት። እነሱ እኮ ሩጫን መጠበቅ ትተዋል ትሬንት። ወርዋሪው ላይ ለመውጣት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያላቸው። በአንድ እጁ ብቻ የሚማታን ሰው ማንም ያሸንፈዋል።»

«ስንሮጥ ስንት ያርድ ነው ወደ ፊት የምንሄደው? ሁለት። አንዳንዴ ሁለትም አይሞላም። ታዲያ ምን ላድርግ፣ አንተ ደስ እንዲልህ ልሩጥ?»

«በጨዋታ አሥራ ሦስት ጊዜ ብቻ ተሞክሮ ምን ይገኛል! ሩጫ እኮ እንደ ምስማር ነው፤ እየደጋገሙ ነው የሚመቱት። ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ጥቃቶች ስትጽፍ ሰባቱን ሩጫ ታደርጋለህ። እሑድ ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ትጥለዋለህ።»

ትሬንት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እሺ። እሑድ ሠላሳ ሩጫ እሰጥሃለሁ። እስከ መጨረሻው፣ ብንመራም ቢመሩንም። ካልሠራ ግን ያ ካርድ ዳግመኛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ሩጫ የሚል ቃልም ከአፍህ አልሰማም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ ሌስተር። ዘጠኝ ዓመት የለመነው ነገር ነው።

እሑድ ትሬንት ቃሉን ጠበቀ። ጉዱ ያ ነው።

በመጀመሪያው ሩጫ ሯጩ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ሦስት ሰው ላዩ ላይ ተከመረ። በሁለተኛውም። በአምስተኛው ላይ ከተጋጣሚው መሃል ባለ ቁጥር ሃምሳ አምስቱ፣ ገና ኳሱ ሳይነሣ፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ እጁን እያወናጨፈ «ሩጫ ነው! ሩጫ!» ብሎ ጮኸ። ሩጫ ነበር። ቀጥሎ «ይወረውራል!» አለ። ወረወረ። ሌስተር ከሜዳው ዳር ሆኖ ጥርሱን ነከሰ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሮስኮ ፕሩት ላቡን እየጠረገ ወጣ። ፕሩት ከአላባማ ገጠር የመጣ፣ ፊቱ ቀይ፣ መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን የቀኝ ገፊ ነው፤ እናቱ ያሳደገችው «ጌታዬ» እያስባለች ነው።

«ኮች፣ እነዚህ ሰዎች ወረቀታችንን ሰርቀዋል ጌታዬ።»

«ወረቀቱን ማን ይሰጣቸዋል?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ሃምሳ አምስት ፊት ለፊቴ ቆሞ ‹ዛሬ ለምሳ ምን በላህ?› እያለኝ ነው። መልሱን ሁሉ የሚያውቅ ይመስላል።»

«መልስ አትስጠው። ጎንበስ ብለህ እጅህን መሬት ቅበር፣ ከዚያ ግፋው!»

«እየቀበርኩ ነው ጌታዬ!»

ሠላሳ ሩጫ፣ ሃምሳ ስምንት ያርድ። በሃያ ሁለት ነጥብ ተሸነፉ፤ ኬሌብም ጎድኑ ተሰብሮ ወጣ። ከሜዳ ሲወጡ ደጋፊዎች ከላይ ሆነው «ወርውሩ እንጂ እናንተ ቀርፋፎች!» ይሉ ነበር። ትሬንት አጠገቡ ሲያልፍ እጁን ዘረጋ። ሌስተር ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ሰኞን ሙሉ ፊልም ሲያይ ዋለ። አሰልጣኞች የሚያዩት ፊልም ከስታዲየሙ አናት ላይ የሚነሣ ነው፤ ሃያ ሁለቱም ሰዎች አንድ ላይ ይታያሉ፣ እንደ ጉንዳን። ተከላካዮቹ ኳሱ ሳይነሣ ወደ ሩጫው በኩል ሲጠጉ በግልጽ ይታያል። ለምን እንደሚጠጉ ግን አይታይም። የራሱን ሰዎች አሰላለፍ ሃያ ጊዜ መለሰው። እግራቸው አንድ ነው፤ ክፍተታቸው አንድ ነው። ማሽኑን አጠፋ። ያ ሁሉ ዓመት ያመነበት ነገር ስህተት ነበር ማለት ነው? ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

ማክሰኞ ዕረፍት ነው። እኩለ ቀን ላይ ማርጂ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ በድስት ይዛ መጣች። በሩን በእግሯ ነው የምታንኳኳው።

«መልክህ የሞተ ሰው መልክ ሆኗል» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ብላ።»

«አልራበኝም።»

«ማን ጠየቀህ? ብላ ነው ያልኩህ።»

በላ። ማርጂ በራሷ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ ተቀመጠች። ሌላኛው፣ የዶሎሬስ ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

«እሑድ ብቻዬን ሳይ አለቀስኩ» አለች። «በሽንፈቱ አይደለም። ዶሎሬስ ብትኖር አንዱንም አትስትም ነበር። እኔ እንኳ፣ እኔ ደንቆሮዋ፣ ከስድሳው ሃምሳውን አገኘሁ።»

ሌስተር ሹካውን አስቀመጠ።

«ምኑን አገኘሽ?»

«ሩጫ ነው ውርወራ የሚለውን ነዋ!»

«እንዴት?»

«እንዴት ማለት? እሷ ባሳየችኝ መንገድ።»

«ማርጂ፣ እንዴት ነው ያሳየችሽ?»

«ምን ሆነሃል? የዚያን የወፍራሙን ልጅ እጅ እያየን ነዋ! ቀይ ፊት ያለውን። ሊሮጡ ሲሉ እጁን ሳሩ ላይ ይጫናል፤ ጣቶቹ እስኪነጡ። ሊወረውሩ ሲሉ እንደ ድመት መዳፍ ያሳርፈዋል። ከሱ በፊት የነበረውም ያው ነበር። አንተ የምታውቅ መስሎን!»

የሚስቱ ግምት የባሏን ልብ ከማወቅ የመጣ ነው ብሎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደስ ብሎት ኖሯል። ሩጫም ሆነ ውርወራ የሚመርጠው እሱ እንዳልሆነ፣ የትሬንትንም ሆነ ከትሬንት በፊት የነበሩትን ልብ ልታውቅ እንደማትችል አንድ ቀን እንኳ አላሰበም። ስንቱን አገኘሽ ይላታል እንጂ እንዴት አገኘሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ከመጋቢት ወዲህ ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። ዶሎሬስ ጨዋታውን ሁሉ እንዲቀዳ አድርጋ ያስቀመጠችው መሣሪያ ሳይነግሩት አሁንም ሲቀዳ ኖሯል። ሌስተር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የራሱን ቡድን ጨዋታ ተራ ሰው በሚያይበት መንገድ አይቶ አያውቅም። ካሜራው ወደ መስመሩ ተጠጋ። ፕሩት ጎንበስ አለ፣ እጁን ሳሩ ውስጥ ቀበረ፣ የጣቶቹ አንጓ ነጣ።

«ሩጫ» አለች ማርጂ።

ሩጫ ነበር።

«እጅህን ቅበር» የሚለውን ያስተማራቸው እሱ ነው። እሱንም የራሱ አሰልጣኝ ያስተማረው ነው፤ ክብደት ወደ ፊት ከሆነ ግፊያው ይበረታል። ለካስ የሩጫና የውርወራ ሚዛን እያለ ሲጮህ የኖረው ሰውዬ ምርጫውን ለተጋጣሚ በገዛ እጁ ሲያሳይ ኖሯል። ሃምሳ ጊዜ ቢወረወር፣ ሠላሳ ጊዜ ቢሮጥ፣ አስቀድሞ ለተነገረው ሰው ምን ለውጥ አለው?

ረቡዕ ለትሬንት ነገረው። ትሬንት ስክሪኑ ላይ የቀረበውን እጅ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየ።

«እና አንተ ነህ ማለት ነው» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«የኬሌብን ጎድን ያስሰበርከው አንተ ነህ።»

ሌስተር ይህን ይጠብቅ ነበር፤ ሲሰማው ግን ከጠበቀው በላይ ከበደው። «አስተካክለዋለሁ» አለ። «ከዚያ ሠላሳውን እንደገና ስጠኝ። ያኔ ታያለህ።»

«ተስማምተናል ሌስ። ካርዱ የለም።»

ልምምድ ሜዳ ላይ ሌስተር ከወጥ ቤት ያመጣቸውን የወረቀት ኩባያዎች አፋቸውን ደፍቶ ደረደራቸው። አምስቱም ገፊዎች ጎንበስ ብለው እጃቸውን ኩባያው ላይ እንዲያሳርፉ፣ ኩባያውም እንዳይደፈጠጥ አዘዘ። ፕሩት የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ደፈጠጠ።

«ኮች፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ‹ቅበር› ያሉኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ። አሁን ዝቅ በል።»

«ታዲያ ጉልበቱን ከየት ላምጣ ጌታዬ?»

«ከመቀመጫህ። እግዜር የሰጠህ ለወንበር ብቻ አይደለም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሌስተር አልሳቀም። ሐሙስ ኩባያዎቹ መትረፍ ጀመሩ፤ ዓርብ ማታ ሁለት ብቻ ተደፈጠጡ፤ ሁለቱም የፕሩት።

እሑድ ከሜዳው ዳር ሲቆም ኪሱ ባዶ ነበር። መቁጠሩን ግን ማቆም አልቻለም፤ በልቡ ቆጠረ። ትሬንት አሥራ ሁለት ሩጫ ብቻ ጠራ። በአሥራ ሁለቱ ዘጠና አራት ያርድ ተሄደ። በውርወራዎቹ ላይ ተከላካዮቹ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሉና ይቆማሉ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው። ኬሌብ ጎድኑ ታስሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወደቀው። በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ላይ ሌስተር ማዳመጫውን ጫን አድርጎ «ትሬንት፣ ስጠኝ! አራት ሩጫ ደጋግመህ ስጠኝ፣ ክፍት ነው!» አለ።

«ውርወራው እየሠራ ለምን እነካዋለሁ?» አለ ትሬንት፣ ከስታዲየሙ አናት ካለው ክፍል።

አሸነፉ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ትሬንት ለጋዜጠኞች በውርወራው ላይ ያለው እምነት እንዳልተናወጠ፣ ትዕግሥት ብቻ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ሌስተርን ሲያገኘው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አየህ? አሥራ ሁለት በቂ ነው።»

ሌስተር እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ካርዱ አልነበረም።

ማክሰኞ ማርጂ መጣች፤ በእግሯ አንኳኳች፤ ድስቱን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ሌስተር የተቀዳውን ጨዋታ ከፈተ።

«ሩጫ» አለች። ውርወራ ነበር። «ውርወራ።» ሩጫ ሆነ። በአሥረኛው ላይ ተቆጣች።

«ምን አድርጋችሁት ነው? ያ ወፍራም ልጅ እጁ ምን ሆነ? አበላሻችሁት እኮ!»

«አስተካከልነው።»

«ለኔ ተበላሽቷል።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «አሁን ዶሎሬስም ብትኖር አታውቀውም ነበር።»

ሌስተር ስክሪኑን አየ። ፕሩት ጎንበስ ብሏል፤ እጁ ሳሩ ላይ እንደ ድመት መዳፍ አርፏል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ያው ነው።

«ታውቀው ነበር» አለ። «ሌላ ነገር ታገኝብን ነበር።»

«አሁን ደግሞ ምን ያናድድሃል? አሸንፋችኋል አይደል?»

«አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ማርጂ» አለ። «ያ ሁሉ ክፍት ሆኖ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ!»

ተነሣ፤ ከኩሽናው መሳቢያ ባዶ ካርድ አወጣና መሃሉ ላይ መስመር አሰመረ።