«ልጅሽ ደከማት» ላለችኝ ለእትዬ ሀዋ

ዛሬ ጠዋት «እትዬ ሀዋ ሞተች» ብለው ሲደውሉልኝ «የትኛዋ ሀዋ?» አልኩ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስንት ሀዋ አለች! እሷ ናት ብዬ እንዴት ላስብ? ትናንት በስልክ ስንሳሳቅ አልነበር? አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋት፦ ሐይቅ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከዓረብ አገር የተመለስን ሴቶችን እንድታማክር ተመርጣ ስልጠና የወሰደች ሴት ናት። ዋጋ ስትከራከር ድምጿ ውጫሌ ድረስ ይሰማል እያልን እናሾፍባት ነበር።

ለውጡ መጣ በተባለ ሰሞን ከሪያድ ስመለስ ሕፃን ይዤ ነው የመጣሁት። ለሁሉም «የጓደኛዬ ልጅ ናት» አልኩ። አባቴ ፊት ልጄ ናት ማለት ሞት ነበር የመሰለኝ።

ልታማክረኝ በተገናኘን የመጀመሪያ ቀን እትዬ ሀዋ በስልጠናው እንደተነገራት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ወደኔ ዘንበል ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ራሷን ትነቀንቅ ጀመር። ወላሂ ሪያድ የመረመረኝ ፖሊስ ነው ትዝ ያለኝ። ውሃ ልጠጣ ብዬ እንደወጣሁ ቀረሁ።

በማግስቱ ደጃችን መጣች። ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ስልኳን አጠፋች፣ በኔ በኩል ያለውን ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ትናንት አስበረገግኩሽ አይደል? አብሽሪ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን ያንቺ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሌም እንደዚያው ነበረች። ዝም ስል ዝም ትላለች። ስናገር ቃሌን ሳትቀንስ ሳትጨምር መልሳ ትለዋለች። «የጓደኛሽ ልጅ አመማት።» «የጓደኛሽ ልጅ ጥርስ አወጣች።» አንድም ቀን የዚያችን ጓደኛ ስም አልጠየቀችኝም።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ አባቴ ቤቴን አልለቅም ብሎ ቀረ፤ እኛ በእግር ወደ ደሴ ሸሸን። ዳገቱ ላይ «ልጄ ደከማት» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ክው አልኩ።

እትዬ ሀዋ አልቆመችም፣ ዞራም አላየችኝ። «ልጅሽ ደከማት። በይ አምጫት ልዘላት» አለች።

ይህን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነገርኳት።

ከሽሽት ስንመለስ ለአባቴ ራሴ ነገርኩት። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ትንፍሽ አላለችም። አባቴ «የገዛ የልጅ ልጄን ነው እንግዳ እያልኩ ያኖርኳት?» ብሎ ልጄን ሐያትን እቅፍ አደረጋት። ይሄኔ እትዬ ሀዋ እልልታዋን አቀለጠችው! ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ሲሮጥ መጣ፤ እልልታው በሰላም ስለገባን ነው ብለን ሸኘናቸው።

እና ሰፈሩ እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር። ሐያት ሰው ፊት «አክስቴ» ነበር የምትለኝ።

እትዬ ሀዋ፣ ዛሬ ለቅሶሽ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ሐያት ስታለቅስ ረሳችና «እማ!» ብላ ጠራችኝ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«ወዬ ልጄ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ድፍን ሐይቅ ሰማኝ፣ እኔም አላፈርኩም።

ደስ ይበልሽ እህቴ። ሂጂ በሰላም። እኔን እንደሰማሽኝ አላህ አንቺን ይስማሽ።