የጀነሬተሩ ሙከራ

ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ወር ሆናት። የአራት ዓመቷ ልጃችን አስም አለባት፤ መብራት ሲጠፋ የመተንፈሻ ማሽኗ እንዳይቆምብኝ ብዬ ጀነሬተር ገዛሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡታጅራ ባለው ግቢያችን አስነስቼ ሞከርኩት። ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል።

ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ዳኛ ሐጂ ከድር ገብተው አቀፉኝ።

"ሶብር አድርግ፣ ጽና ልጄ።"

ስለ ባለቤቴ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላቸው ሴቶች እያለቀሱ ገቡ። ወንዶቹ ደግሞ አግዳሚ ወንበርና የእድሩን ድንኳን ተሸክመዋል። ምን እንደሆነ ብጠይቅም በጀነሬተሩ ጩኸት ማንም አልሰማኝም። አጠፋሁት።

"ድንኳኑን የት እንትከል?" አሉኝ ሐጂ።

"የምን ድንኳን?"

"በሰፈራችን ጀነሬተር የሚጮኸው ለሰርግና ለለቅሶ ነው። አንተ ቤት ሰርግ የለ! ልጅቷንም ያጣሃት መስሎን..."

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ልጄ ዓይኗን እያሸች በሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ቀሰቀስከኝ እኮ!"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሐጂ፤ ወንዶቹ ባመጡት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ልጄ ግን ርቧት ነበር። ለእሷ ለቅሶ የመጣውን ንፍሮ እየዘገነች በላችው።