አለቃችን አንሶላ ያጠፈችበት ቀን

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥዬ የማወራውን የሰማ ሰው ሌላ እንዳያስብ ነው። የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ እኔ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ በስፌት መኪናዬ የተቀደደ አንሶላና የትራስ ልብስ እጠግናለሁ። ጋሼ ይሉኛል። ጥግ የተቀመጠ ሰው ሁሉን ያያል። ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ እውነቱን ለመናገር ቢጠይቁኝም ብዙ አልወድም።

አለቃችን፣ ለእኔ ልጅ ናት፣ እዚህ ስትገባ ነጩን ከባለ ቀለሙ ጋር አብራ ማሽን ውስጥ የምትከት ነበረች። ሥራውን አንድ በአንድ ያስተማረቻት ማጠፊያ ጠረጴዛው ላይ የምትሠራው ሴትዮ ናት፤ የዛሬዋ እትዬ እምቢ። ስሙን ያወጡላት ካውያ ላይ ያሉት ናቸው፤ ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም። ልጅቷ ትጉ ነበረችና ኃላፊ ሆነች። የተሾመች ቀን ከሁላችንም ቀድማ ያቀፈቻት እትዬ ነበረች።

እምቢታው የመጣው በኋላ ነው። እትዬ ከእጥበት የመጣውን አንሶላ አንስታ ወደ መስኮቱ ታስጠጋና «አልጠራም፤ ይመለስ» ትላለች። እድፍ ያለበትንም፣ እንደ ወተት የነጣውንም። አጣቢዎቹ ሲነጫነጩ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። አልጋዎቹ ሳይነጠፉ ይረፍዳል፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ ሥራ አስኪያጁ ይደውላል።

አለቃችን ቢሮ ታስጠራታለች። ስልጠና ላይ የተማረችው ዘዴ ነበራት። በሩ ይዘጋል፤ ሠራተኛው መጀመሪያ ይመሰገናል፣ መሃል ላይ ወቀሳው ሹልክ ብሎ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ይመሰገናል። እትዬ ሁሉንም ትሰማና ወጥታ አንሶላ ትመልሳለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንድ ቀን ከቢሮ ስትወጣ በእኔ በኩል አለፈችና፣ እንደተሰደበ ሰው ፊቷን አጨፍግጋ፣ «ዛሬም አመሰገነችኝ» አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት አለቃችን ወደ እኔ ጥግ መጣች። ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ ይዛለች፤ ራሷ እንደበጠሰችው እጠረጥራለሁ።

«ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች አሰናብቻት ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሷን አሰናብቼ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ? ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። ብለምናት አትሰማ፣ ብቆጣት አትሰማ። ምን ላድርግ?»

«ቢሮ አትጥሪያት» አልኳት። ከዚህ ሌላ አልመጣልኝም። ምክር ይሁን አይሁን ለራሴም አልገባኝም ነበር። ቁልፉን ተከልኩላትና ሄደች።

አርብ ጠዋት ከእትዬ ጋር አብራ የምታጥፈው ባልደረባዋ ልጇ ታሞባት ቀረች። ትልቁ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ሁለት ጫፍ ይይዛል፣ ይወጥራል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ ተጠጋግቶ ጫፍ ከጫፍ ያገጣጥማል። መሬት የነካ አንሶላ እንደገና ይታጠባል፤ የሚያጥበውም የጣለው ሰው ነው። የክፍላችን ሕግ ነው፣ አለቃም አይቀርለትም። ከእትዬ ጋር ልጠፍ የሚል ጠፋ። ሁሉም ድንገት ሥራ በዛበት። አለቃችን ዙሪያዋን አየች፣ ጃኬቷን አውልቃ የእኔ ወንበር ላይ ጣለችና የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዘች።

የመጀመሪያዎቹን አጠፉ። እጃቸው አልተረሳሳም፤ አንዷ ሳብ ስታደርግ ሌላዋ ላላ ታደርጋለች። አንዱን ወጥረው እንደያዙ አለቃችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ፣ የጠራውን ለምን ይመልሱታል?» አለች። ምስጋና የለ፣ መግቢያ የለ።

እትዬ ጥላት ልትሄድ ቃጥቷት ነበር፤ አይቻለሁ። ግን አንሶላው እጇ ላይ ነው፣ ብትለቀው መሬት ነው። ይህቺ ሴት ለአንሶላ ያላት ክብር ለሰው ካላት ይበልጣል። ቆመች።

«ነገ እድፍ ቢገኝበት የሚጠየቀው ማን ነው?»

«ምን እድፍ?»

«ረሳሽው? ጠዋት ተሰልፈን ሳለ አንሶላውን ከፍ አድርገሽ ‹ዓይንዎ የት ነበር?› ያልሽኝን?»

አልረሳችም። እኔም አልረሳሁም። እንግዳ ያማረረበት፣ ዝገት የነካው አንሶላ ነበር። ዝገቱ የመጣው ልብስ ከምናመላልስበት ጋሪ መሆኑ በኋላ ታወቀና ጋሪው ተቀየረ። ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

«የጋሪው ዝገት ነበር እኮ። አስቀየርኩት» አለች አለቃችን።

«ጋሪውን ቀየርሽ። እኔን ግን ተሳስቻለሁ አላልሽኝም። ስታዋርጂኝ ሰው ፊት፣ ስታመሰግኚኝ በር ዘግተሽ።»

ካውያ ላይ ያሉት እጃቸውን አቆሙ። ሁለቱም አንጀቴን በሉት። አለቃችን ተጠግታ ጫፉን ከጫፉ አገጣጠመች፤ አሁን ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ ምንም አላለች። የቀረውን አጥፋ ጨረሰችና ጃኬቷን ይዛ ወጣች። ተናደድኩ። በቃ ነገ ልታሰናብታት ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ከመርፌዬ ጋር ስጣላ ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደወትሮው ተሰለፍን። አለቃችን ፊታችን ቆመች።

«ያን ቀን ያሳየኋችሁ ዝገት የጋሪው ነበር። የእትዬ ጥፋት አልነበረም። ሳልጠይቅ ተናገርኩ፤ እውነቱን ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ። ትናንት ልናገረው ፈልጌ ነበር፤ ግን ያጠፋሁት ሁላችሁም በተሰለፋችሁበት ስለሆነ ሁላችሁም እስክትሰለፉ ጠበቅኩ። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ያን ጠዋት ከአፋፍ የተመለሰ አየሁ። እትዬ ፊቷ አልተፈታም። ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ሥራ ይጀመር። እንግዳ ይጠብቃል።»

እፎይ አልኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን አንድም ንጹሕ አንሶላ ወደ እጥበት አልተመለሰም፤ አልጋዎቹም በጊዜ ተነጠፉ። ሥራ አስኪያጁ ሲደውል አለቃችን «ተስተካክሏል» ብላ ዘጋችው። ማን እንደተስተካከለ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወደ ማጠፊያ ጠረጴዛው ሄደች።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ የሚመለሰውንና የሚያልፈውን እርስዎ ይወስኑ። እድፍ ከተገኘ እኔ ልጠየቅ።»

«እምቢ» አለች እትዬ።

እኔ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«እምቢ። የምንጠየቀው አብረን ነው። አሁን ይሄን ጫፍ ያዢልኝ፣ መሬት ሊነካብኝ ነው።»

አለቃችን ጃኬቷን አወለቀች።