ከጅግጅጋ ሽንሌ፣ ከቲነር ሽታ ጋር

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ጅግጅጋ

አብዲ ክላክሱን ሦስቴ ሲነፋ እኔ ገና ጫማ እየመረጥኩ ነበር። ያለኝ ሁለት ጫማ ነው፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለሠርግ። የሠርጉን አደረግሁ። ስለዚህ ጫማ ኋላ ትሰማላችሁ።

ጅግጅጋ በዚህ ሰዓት ትበርዳለች። ንፋሱ ገና አልተነሳም፤ አቧራውም እንደተኛ ነው። ሻይ ቤቶቹ በር ላይ ትልልቅ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል፤ ባጃጆች አንድ ሁለት እያሉ መውጣት ጀምረዋል። ጉዞው የላጤዎች ጉዞ ነው። ስሙን ያወጣችው ሂቦ ናት፤ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዋ ከእኔ ጋር የተገጠመ፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን የሶማሌ ልጅ። ቅዳሜና እሁድ ቤት ተቀምጠን ልንሻግት ነው ብላ ስድስት ሰው መዘገበች። ሁለቱ ማታውኑ ቀሩ። የቀረነው እኔ፣ ሂቦ፣ ዮናስና ቤዛ ነን። ሾፌራችን አብዲ ሁለት ሚስትና ዘጠኝ ልጅ ስላለው አይቆጠርም።

ዮናስ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ጋራዥ መኪና ይቀባል። ሚኒባሱ ውስጥ ከእሱ ቀድሞ የሚገባው የቲነር ሽታ ነው። ሸሚዙ ታጥቧል፣ ጸጉሩ ታጥቧል፣ ሽታው ግን ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ባገኘሁት ቁጥር «ራሴን አመመኝ፤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥ» እለዋለሁ። እሱም ይስቃል፤ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። የእኛ ወሬ ይሄው ነው። ዛሬም አልኩት፤ ዛሬም ስቆ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ቤዛ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

ቤዛ ከድሬዳዋ ተዛውራ ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት ነርስ ናት። ቆንጆ ናት፤ እዚህ ላይ ብዋሽ ሂቦ ትታዘበኛለች። የተራራ ጫማ አላት። የጀርባ ቦርሳዋ ላይ ውሃ የሚጠጣበት ቱቦ አለ። ቱቦ! እኛ ጠርሙስ ከፍተን ስንጠጣ እሷ ትከሻዋን ትጠባለች።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ቀለም ቀቢዎች ወተት ይጠጣሉ፤ ቲነሩን ከደረት ያጥባል ይላሉ። ለዮናስ በየጠዋቱ የግመል ወተት የምልክለት እኔ ነኝ። ራሴ አልወስድም። ኤዶ ፋጡማ የምንላት ወተት ሻጭ አለች፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። የእኔን ጠርሙስ ሞልታ ጋራዡ በር ላይ ታስቀምጥለታለች። ማን ላከው ቢላት እንዳትናገር አስምያታለሁ። ባዶውን ማታ ስትመልስልኝ ጠርሙሱ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ንጹህ ሴት ናት እላለሁ። ይህን የሚያውቁት ኤዶና ሂቦ ብቻ ነበሩ፤ አሁን እናንተም ሰማችሁ። ለምን አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ትሸታለህ ስትለው የኖረች ሴት በየት በኩል ጀምራ እወድሃለሁ ትበል?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ከካራማራ ወደ ዳካታ

ካራማራን ስንሻገር ፀሐይዋ ከኋላችን ወጣች። ቁልቁል ሜዳው ቢጫ ነው፤ ግመሎች በመስመር አስፋልቱን ሲያቋርጡ አብዲ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃቸዋል። ቸኩሎ አያውቅም። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ሆኜ የሁለት ሰው ማጅራት እያየሁ ነው የምጓዘው፤ ስለ መንገዱ ብዙ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ቤዛ ጨዋታ አመጣች። እያንዳንዱ ላጤ ከቤት ውጭ ምን እንደሚያስደስተው ይናገር አለች። እሷ ተራራ መውጣት። ስንት ተራራ እንደወጣች ስትዘረዝር እኔ ጣቴን ማጠፍ አቆምኩ። ሂቦ ዓሣ ማጥመድ አለች፤ ጅግጅጋ ውስጥ ዓሣ የት አለ ቢሏት ለዚህ እኮ ነው እስካሁን ያላገባሁት ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔ ተራዬ ሲደርስ ልብስ ማስጣት አልኩ። ሳቁልኝ። ቤዛም ሳቀች፤ ጥርሷም ያምራል።

ዮናስ ትንሽ አሰበና ንፋስ መጠበቅ አለ። ቀለም የሚረጨው በንጋት ነው፤ ንፋስ ከተነሳ አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፍና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጋራዡ በር ላይ ቀይ ክር አስሮ፣ ወለሉን ውሃ ረጭቶ፣ ውጭ ቆሞ ክሩን ያያል። ክሩ ካልተነቃነቀ ይገባል። ከተነቃነቀ ያን ቀን መኪና አይቀባም። ያቺ ቆሜ የማያት ሰዓት ደስ ትለኛለች አለ።

ቤዛ ዘወር ብላ አየችው። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ አንድ ቀን መጥቼ ማየት አለብኝ አለችው። ያንን ክር ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮዬ መስኮት የማየው እኔ ነኝ! ክሩ ሲወዛወዝ ዛሬ ሥራ የለውም ብዬ የማዝነው እኔ ነኝ። እሷ ዛሬ ሰማች፤ ዛሬውኑ የእሷ ሆነ።

3 ሰዓት፣ ባቢሌ

የዳካታን ድንጋዮች አልፈን ነው የደረስነው። አንዱ ድንጋይ በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ ወደቀ እያለ ስንት ዘመን የኖረ። ቤዛ ፎቶ አነሳችን። ዮናስን ለብቻው ሦስት ጊዜ አነሳችው፤ ቆጥሬያለሁ።

ከከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ፈታሹ አንገቱን አስገባና አሸተተ። ቤንዚን ጭናችኋል፣ ውረዱ አለ። ወረድን። ወንበር ተገለበጠ፣ ሻንጣ ተከፈተ፣ የቤዛ ቱቦ ሳይቀር ተመረመረ። በመጨረሻ ሂቦ በሳቅ እየፈረሰች ዮናስን አሳየችው። ፈታሹ የዮናስን እጅ ይዞ አሸተተና እሱም ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ እዚህ ሰውዬ አጠገብ ክብሪት እንዳትጭር አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ዮናስ ግን ዛሬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወዲያው የተናገርኩትን መዋጥ ብችል እወድ ነበር።

ያኔ ነው ቤዛ የተናገረችው። «እኔ እወደዋለሁ። አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ነበር የሚሠራው፤ ማታ ሲገባ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። ነፍሱን ይማረው።»

በሉ እንግዲህ፣ ከዚህ ጋር ተፎካከሩ! ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ነገር ሦስት ወር ያልሞላት ሴት አስፋልት ዳር ቆማ አለችው። የሞተ አባትም ጨመረችበት። የእኔ አባት ወታደር ነበር፤ የትኛውን ሽታ ልጥቀስ? የባቢሌን ኦቾሎኒ ገዛሁና እስከ ድሬዳዋ ሳላቋርጥ በላሁ። ትኩስ፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ እንደዚያ የጣፈጠ ኦቾሎኒ በልቼ አላውቅም። ያም አላጽናናኝም።

እሁድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሽንሌ

ድሬዳዋ ያደርነው የቤዛ አክስት ቤት ነው። ሴትየዋ ደግ ናት፤ እንጀራውን በሩዝ፣ ሩዙን በፓስታ አስከትላ አጠገበችን። ዮናስን የእኔ ልጅ ስትለው ግን ፓስታውን ገፋ አደረግሁት።

ሽንሌ ለድሬዳዋ ቅርብ ናት። ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ፍየሎቹ ከሰው ቀድመው ይነሳሉ። የቤዛ ሐሳብ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ በእግር እንድንሄድ ነበር። ጠጠሩ ላይ በሠርግ ጫማ መሄድ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ተረከዜ በየአግዳሚው መሐል ይሰነቀራል። ሁለቱ ሐዲዱ ላይ ሚዛናቸውን እየጠበቁ ከፊት ይሄዳሉ፤ እሷ ስትንገዳገድ እጁን ይዘረጋላታል። እኔ ሁለቴ ወድቄ ያነሳችኝ ሂቦ ናት። ስታነሳኝ ጆሮዬ ላይ፣ ዛሬ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ አለችኝ። ብትነግሪው ዓይንሽን አላይም አልኳት።

ስንመለስ መንገድ ዳር ካሉት ወተት ሻጮች ዘንድ ተቀመጥን። ወተቱ የጭስ ሽታ አለው፤ ዕቃውን በጭስ ያጥኑታል። ዮናስ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ቤዛ ይህን ያህል ትወዳለህ ወይ ስትለው፣ የጋራዡ ጌታ በየጠዋቱ ይልክልኛል፣ ለምጄ ነው አላት። እኔ ስኒዬ ውስጥ ገባሁ።

አብዲ መኪናውን የሚያስቀባው እዚያው ጋራዥ ነው። «ያ ሰውዬ? እሱ እንኳን ወተት ውሃ አይሰጥም» አለ።

ቤዛ እጇን አጨበጨበች። እንግዲያ የሆነች ሴት ናት፣ ማን ናት፣ ንገረን እያለች ያዘችው። ሂቦ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ያልኩት፣ ወተት ሻጯ አዝናለት ይሆናላ፣ እንደዚያ ለሚሸት ሰው ማን ወተት ይልካል የሚል ነው። ምላሴ ይቆረጥ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ቤዛ ግን አልሳቀችም። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ የማመጣለት እኔ ነኝ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ክሩንም አያለሁ።»

እሱ ስኒውን አስቀመጠና ወደ መኪናው ሄደ።

እሁድ፣ 10 ሰዓት፣ ጅግጅጋ

ስለ መልሱ መንገድ የምነግራችሁ የለኝም። ሐረር ላይ ምሳ በላን፤ ምን እንደበላን አላስታውስም። በሐሳቤ ቤዛን ወተት ስታስረክብ፣ ወለል ስታረጥብ፣ ልጅ ስትወልድለት አየሁ። ካራማራ ላይ ስንደርስ ሁለተኛውን ልጃቸውን ክርስትና አንስቻለሁ።

ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ። ዮናስ ሻንጣዬን ሊያወርድልኝ አብሮኝ ወረደና መኪናው ኋላ ቆምን።

«ቤዛ ወተት አመጣለሁ ስትል ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

ምን አገባኝ ልል ነበር፤ ሻንጣዬን ከእጁ ወሰድኩ።

«ጠርሙሱን በሳሙና የማጥበው እኔ ነኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቲነር ከነካው ራስሽን ያምሻል ብዬ። ሁለቴ ነው የማጥበው።»

ኤዶ መቼ እንደነገረችው ጠየቅሁት። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማን ላከው ብሎ ሳይጨርስ ነግራዋለች። ታዲያ ለምን ጌታው ነው አልክ አልኩት። አንቺ ከደበቅሽው እኔ ሰው ፊት ላጋልጥሽ ነው ወይ አለኝ። ሽታዬን ስለምትጠዪው አርቀሽ ትልኪልኛለሽ ብዬ ነበር የማስበው አለ። አብዲ ክላክሱን ነፋ። ዮናስ መልሴን ሳይጠብቅ ገባ። ሚኒባሱ ሲሄድ መስኮቱ ጋ እሱን፣ አጠገቡ እሷን አየሁ።

ሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ጋራዡ

ከኤዶ ጠርሙሱን ራሴ ተቀበልኩ። ኤዶ ምንም አልገረማትም፤ ዘገየሽ ብቻ አለችኝ። ስለ መሐላው ላነሳባት ፈልጌ ነበር፤ ቤዛ ትቀድመኛለች ብዬ ሮጥኩ። ደግነቱ የሮጥኩት በመሥሪያ ቤት ጫማ ነው።

ቀዩ ክር ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ረጥቧል። ውስጥ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ገና በጋዜጣ የተሸፈነ ፒካፕ ቆሟል። ከቢሮዬ መስኮት ሁለት ዓመት ያየሁት በር ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዮናስ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለ። ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር፤ ያቺ ባለ ቱቦ እንዳትመጣ።

ሽታው ከአፍንጫዬ አልፎ ግንባሬ ላይ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አልዋሸሁም፤ ራሴን ያመኛል። ዓይኔን ስጨፍን አየኝና ሳቀ።

«በሩ ጋ ተቀመጪ» አለኝ።

የቲነሩን ቆርቆሮ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከዮናስ ጎን ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እዚሁ ይሻለኛል አልኩት።