የቡና ቅጠል የጠጡ የውኃ ቁንጫዎች

ነሐሴ 2006 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ቴፒ ከተማ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከተደረደሩት ሦስት የማርማላታ ጠርሙሶች በሁለቱ ውስጥ የነበሩት የውኃ ቁንጫዎች በሙሉ ሞተው ተገኙ።

ከሚዛን ተፈሪ የመጣሁት ስለ አንድ ጥናት ለሬዲዮ አጭር ዘገባ ለመሥራት ነበር። የቁንጫ ሞት ዘግቤ አላውቅም። ቢሆንም ሟቹ ማንም ይሁን ማን ማጣራት የሥራ ልማዴ ነውና ማጉያ መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። እውነት ነው፤ ሞተዋል።

ቁንጫዎቹ የአንዲት የባዮሎጂ መምህርት ነበሩ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው የብር ናኖ ቅንጣት ጥቃቅን የውኃ እንስሳትን ምን እንደሚያደርጋቸው ነው። ናኖ ማለት፣ እንዳስረዳችኝ፣ ብሩ ከመድቀቁ የተነሣ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም ማለት ነው። ጀርም ስለሚገድል ፋብሪካዎች በየዕቃው ይጨምሩታል።

«ካልሲ እንዳይሸት ይነክሩበታል» አለችኝ። «ካልሲው ይታጠባል፣ እጣቢው ወንዝ ይገባል። ወንዝ ውስጥ ደግሞ እነዚህ አሉ።»

እነዚህ የምትላቸው ስማቸው ቁንጫ ይባል እንጂ የአልጋ ቁንጫ አይደሉም። የሰሊጥ ፍሬ የማያህሉ፣ ገላቸው እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች የሚዘሉ ፍጥረታት ናቸው። የኩሬውን አረንጓዴ ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ ትናንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል። በሕይወት ከቀሩት አንዷን በመነጽር ሳያት ልቧ ሲመታ ታየኝ። በሥራ ዘመኔ ካነጋገርኳቸው ሁሉ ልቧን በግልጽ ያሳየችኝ እሷ ብቻ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን የብር ውሁድ የቡና ቅጠል በተፈላበት ውኃ ውስጥ ስትጨምረው ወደ ናኖ ይለወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠርሙስ የኩሬ ውኃ ብቻ፣ በሁለተኛው የኩሬ ውኃና ጥቂት የቅጠል ውኃ፣ በሦስተኛው ደግሞ የኩሬ ውኃና ብር ያለበት ያንኑ ያህል የቅጠል ውኃ አደረገች። የሁለተኛው ቁንጫዎች ቢኖሩና የሦስተኛው ቢሞቱ ገዳዩ ብሩ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ግን የሁለቱም ሞተዋል።

«ቅጠሉ ነው የገደላቸው» አለች መምህርቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ። ፈታኞቿ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጅማ ይመጣሉ። የምታሳያቸው ውጤት ከሌላት ዲግሪው እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ተላለፈ ማለት ነው።

ከመናኸሪያ ያመጣኝ የባጃጅ ሹፌር በሩን ተደግፎ ያዳምጣል። የድሮ ተማሪዋ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ ይህን ቅጠል ጡት ከተውኩ ጀምሮ እየጠጣሁት ነው። ቢገድል ኖሮ ከሸኮ እስከ ማሻ ሰው ይተርፍ ነበር?»

«አንተ ቁንጫ አይደለህም።»

«ፈተና ሲሰጡኝ ግን እንደ ቁንጫ ነበር ያዘለሉኝ።»

በዚህ መሀል የቤቱ ባለቤት ኩባያዎች ይዘው ገቡ። የቤንች ተወላጅ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ እናት ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ቁንጫዎቼ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እልል በይ እንጂ! ቁንጫ ሞተ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ!»

ማጽናኛ ይሆን ዘንድ ለሁላችንም ጨሞ ቀዱልን። ጨሞ የዚያ አገር ሰው ከቡና ቅጠል የሚያፈላው ትኩስ መጠጥ ነው። አንዴ ፉት ስል ምላሴ ነደደ፣ ሁለተኛ ስደግም ጆሮዬ ጋለ፣ በሦስተኛው ዓለም ሁሉ ደስ አለኝ። ያገኘሁትን ሁሉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አመል ሆኖብኛልና ጠየቅሁ።

«እናቴ፣ ይህን መቼ አፈሉት?»

«የከትናንት ወዲያ ነው፣ አሁን አሙቄው ነው። ለቲቸር ጥናት ካፈላሁት የተረፈ።»

መምህርቷ ኩባያዋን ከአፏ አራቀች።

«ከዚያው ድስት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ስንት ድስት አለኝ?»

«እትዬ» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ እየተነሣች፣ «ቅጠሉ ላይ ምን ጨመሩበት?»

«ምን እጨምራለሁ? እንደ ወጉ ነዋ! ሚጥሚጣ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ጨው...»

«ጨው!»

«አነሰ እንዴ?»

«እኔ እኮ ቅጠል ያፍሉልኝ ነው ያልኩት!»

«ከጅማ ለሚመጡ እንግዶች የማሳየው ነው አላልሽኝም? በእኔ ቤት ባዶ ቅጠል ለእንግዳ ይቅረብ? ሰው ምን ይለኛል?»

መምህርቷ ሦስተኛውን ጠርሙስ አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። «ለዚህ ነው ብሩ እንደ ወተት የደፈረሰው! ጨው ብሩን ይይዘዋል፣ ያነጣዋል። እኔ ደግሞ በውኃው ሳመካኝ ነበር!» ከዚያ ሳቋ መጣ። ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሹፌሩ «ምስኪኖች፣ ሚጥሚጣ በባዶ ሆዳቸው!» ሲል እኔም መቅረጸ ድምፄን አጠፋሁ፤ የራሴ ሳቅ እየገባበት ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሂሳቡ ቀረበ። ሙከራው ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ፈታኞቹ ሰኞ ስምንት ሰዓት ይደርሳሉ። የቀረው የብር ውሁድ የሚበቃው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። ዛሬ ከሰባት ሰዓት በፊት ካልተጀመረ ዋጋ የለውም። ለሁሉም ጠርሙስ የሚሆኑ አዳዲስ ቁንጫዎች ደግሞ ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የከብት ኩሬ ነው።

አራታችንም ባጃጅ ላይ ተጫንን። የቤቱ ባለቤት «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አልቀርም» ብለው ከመሀል ተቀመጡ፤ እኔና መምህርቷ በየጠርዙ ተንጠለጠልን። ዝናቡ ይወርዳል፣ ባጃጇ ጭቃው ላይ እንደ ዳክዬ ትወዛወዛለች። ኩሬው ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር አዲስ አጎበር አወጣ።

«ቲቸር፣ መረብ አምጥቻለሁ።»

«ጣለው! መድኃኒት የተነከረ ነው፣ የወባ ትንኝ መግደያ!»

«እኔን በሚጥሚጣ ታሙኛላችሁ» አሉ የቤቱ ባለቤት፣ «ይሄ በመርዝ ሊያጠምድ ነው!» ከራሳቸው ላይ ነጩን ሻሽ ፈትተው ሰጡን። እኔ አንዱን ጫፍ፣ ሹፌሩ ሌላውን ይዘን ውኃው ውስጥ ገባን። ላሞቹ ማመንዠካቸውን አቁመው አዩን። ሻሹን ባነሣነው ቁጥር ጭቃ፣ ቅጠል፣ አንዴም የተቆጣ እንቁራሪት ይወጣል። በመጨረሻ መምህርቷ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ዘርግታ ጮኸች፤ ውኃው ውስጥ ቁንጫዎቹ እንደሚቆላ ሰሊጥ ይዘላሉ።

ቤት ተመልሰን ቅጠሉ ከጓሮ ተቆረጠ። ድስቱ ሚጥሚጣ ስለሚሸት የመምህርቷ ማንቆርቆሪያ ተጣደ። ባዶው ቅጠል ሲፈላ የቤቱ ባለቤት ፊታቸውን አዞሩ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ በእኔ ቤት ባዶ ቅጠል ተፈላ ብለህ በሬዲዮ ብታወራ፣ ሚዛን ድረስ መጥቼ አፍህን በሚጥሚጣ ነው የማሽልህ።»

ብሩ ተጨመረበት። አልነጣም፤ ቀስ እያለ ወደ ቡናማ ዞረ። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ውኃው ቀዝቅዞ ቁንጫዎቹ በሦስቱም ጠርሙሶች ገቡ።

እሑድ አለቃዬ ደወለ። አንድ አጭር ዘገባ ይህን ያህል ያስቆያል ወይ ሲል ጠየቀኝ።

«ምንጮቼ በሕይወት መኖራቸውን እየተከታተልኩ ነው» አልኩት። «አንተ ደኅና ነህ?» አለኝ።

ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ሦስታችን አንገታችንን አስግገን ጠርሙሶቹን አየን፤ ሹፌሩ ፈታኞቹን ሊያመጣ መናኸሪያ ሄዷል። በመጀመሪያው ጠርሙስ ይዘላሉ። በሁለተኛው፣ በባዶው ቅጠል ውኃም፣ ይዘላሉ። በሦስተኛው ጥቂቶቹ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራሉ፤ የቀሩት ታች ወርደው አይንቀሳቀሱም። መምህርቷ እጄን ጨበጠችኝ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ክፍሉ ስለጠበበ አንደኛው አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው በማጉያ መነጽሩ ብዙ ካየ በኋላ ቀና አለ።

«የገደላቸው ቅጠሉ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

መምህርቷ ሁለተኛውን ጠርሙስ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። ከዚያ የቅዳሜውን ነገር፣ ጨውንም ሚጥሚጣውንም ሳታስቀር ነገረችው። አልጋው ላይ የነበረው ፈታኝ በሳቅ ብዛት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሰብሳቢው አልሳቀም፤ ጠርሙሱን እንደገና አየ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ «አልፋለች» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ፊርማውን አይቻለሁ።