ተኩስ የምትፈራዋ ሰሉቂ

ትናንት ረፋዱ ላይ የልጅ ልጄ የድስት ክዳን ሲሚንቶው ላይ ጣለች። ክዳኑ እየተሽከረከረ ሲያንቃጭል ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ልጅቷ ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች። እኔ ግን ክዳኑን አላየሁም፤ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። አንዲት ቀጭን ውሻ እየሮጠች ትገባለች ብዬ የጠበቅሁ ይመስል፣ ቆሜ በሩን አየሁ።

የዚያች ውሻ ነገር የሆነው ሪያድ ነው፤ ባዲዓ በሚሉት ሰፈር። ሐበሻው በገፍ እየተጫነ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ያለን ጥቂቶች አንገታችንን ደፍተን የምንሠራበት ጊዜ ነበር። ደፍተን አልኩ እንጂ የእኔ አንገት ብዙም አይደፋም ነበር። ጉልበትም ነበረኝ። የሩዙን ጆንያ ከመኪና አውርጄ ብቻዬን ጓዳ አስገባ ነበር። አሁን ሶላት ላይ ከሱጁድ ስነሣ ግድግዳ እይዛለሁ።

አሠሪዬ፣ እኛ ባባ የምንለው፣ አደን የሚወድ ሰው ነበር። ብርዱ ሲገባ ከወንድሞቹ ጋር በረሃ ወጥቶ ድንኳን ይተክላል። ለዚያ ብሎ ሰሉቂ ገዛ። ሰሉቂ የሚሉት እግረ ረጅም፣ ወገበ ቀጭን፣ ጥንቸል የሚያባርር የአደን ውሻ ነው። የመጣችው ሴት ነበረች። የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ጆሮዋ ላይ ያለው ጠጉር ግን እንደ ሐር ይለሰልሳል። ባባ ደስ ብሎት በማግስቱ ከከተማ አወጣትና ምንም ሳያለማምዳት አጠገቧ ጠመንጃ ተኮሰ። ከመኪና ሥር ጎትተው ነው ያወጧት አሉ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ጠላቷ ሆነ። ጎረቤት ሕንፃ ይሠራ ስለነበር ኮንክሪት የሚሰብረው መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች መንገድ ላይ ርችት ያፈነዳሉ። እሷ ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ ሞተሩ ባለበት ጠባብ ቦታ ትገባና ትንቀጠቀጣለች። ጥፍሯ ሴራሚኩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። ቦታው የትኩስ አቧራና የሽንት ሽታ ነበረው። ፀሐይ በታንከሩ ሥር እንደ ክር ቀጥና ትገባለች፤ በዚያች ክር ውስጥ አንድ የፈጠጠ ዓይን አያለሁ።

አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ባባ ሾፌሩን ሲያዘው ደረስኩ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ይህች አትረባም። ከከተማ ወጣ አድርገህ ጣላት።"

ሾፌሩ የራያ ልጅ ነው፤ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ትሪውን አስቀመጥኩ።

"ባባ፣ ምን አጠፋች?" አልኩት በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ። "ጥይት የተሠራው እኮ እንዲፈራ ነው። የፈራ ሁሉ ይጣል ከተባለ እዚህ ቤት ማን ይቀራል?"

ሾፌሩ እግሩን አየ። ባባ ፊቱ ሲለዋወጥ፣ እናቱ ከወንበራቸው ሆነው ሳቁ።

"ወላሂ እውነቷን ነው። አንተስ ነጎድጓድ ሲመጣ ቀሚሴ ሥር አይደል የምትገባ የነበርከው?"

ሰው በእናቱ ፊት ምን ይላል? ባባ ሳቀ፤ ጣቱን ግን ወደ እኔ ቀሰረ።

"እሺ፣ አንቺ አስተካክያት። ብርድ እስኪገባ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ከሸሸች ትጣላለች፤ ካልሸሸች ትኖራለች።"

"ትኖራለች ብለሃል" አልኩ።

"ብያለሁ።"

ውጭ ስንወጣ ሾፌሩ ሳቁን ለቀቀው። "ኧረ እህቴ፣ እኛ ስንጮህ የሚሰማን ጠፍቶ አንቺ ለውሻ ጠበቃ ሆንሽ?"

"ለአንተም እቆምልህ ነበር፤ መጀመሪያ ጭራ አብቅል።"

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የአባቴን በቅሎ ግን አስታውሳለሁ። ወሎ፣ ሰርግ ላይ ተኩስ በሰማች ቁጥር ሰው የምትጥል በቅሎ ነበረችው። አባቴ አልገረፋትም። ገብሷን ስትበላ ራቅ ብሎ ቆርቆሮ ይመታል፤ መጀመሪያ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣ ሲቆይ ከአጥሩ ወዲህ፣ በመጨረሻ ጆሮዋ ሥር። እየቆየ ያ ድምፅ ለእሷ የገብስ ድምፅ ሆነ። በኋላ ሙሽራ የተሸከመችው እሷ ናት።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከምሳ የተረፈውን ሩዝና የበግ አጥንት ከታንከሩ ፊት አኖርና ወጥ ቤት ገብቼ በመስኮቱ በኩል ማንኪያ ትሪ ላይ እጥላለሁ። መጀመሪያ ምግቡን ትታ ትገባ ነበር። ነገ ደግሞ እጥላለሁ። አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠች አጥንቱን ይዛ ቀረች። ከማንኪያ ወደ ጭልፋ፣ ከጭልፋ ወደ ክዳን፣ ከመስኮት ወደ ደጃፍ እያልኩ መጣሁ። የባባ እናት "አንቺ ሴት፣ ለውሻዋ ብለሽ የእኔን ጆሮ ጨረስሽው" እያሉ ይቆጡ ነበር። ቁጣቸው ግን የውሸት ነው፤ ሥጋ ያለበትን አጥንት መርጠው የሚያስቀምጡላት እሳቸው ነበሩ።

እስላም ነኝና የውሻ ምራቅ ከነካኝ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ፤ አንዱን በአፈር። ለዚህ ብዬ አበባው ሥር ካለው አፈር በቆርቆሮ ሞልቼ ከቧንቧው አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ለእሷ የምለብሰው ቀሚስም ለብቻው ነው። መጀመሪያ ላይ እንዳትነካኝ እጠነቀቅ ነበር። ጎረቤት ያ መሣሪያ እንደገና ያጓራ ዕለት ግን ታንከሩ ኋላ አልገባችም። ወደ እኔ መጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ድንች እልጥ ነበር፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አኖረችው። ከባድ ነበር፣ ሞቃት። ልቧ በቀሚሴ በኩል ሲመታ ይሰማኛል። መሣሪያው እስኪያቆም አልገፋኋትም። ሲያቆም ተነሥቼ ሰባቱን ታጠብኩ። በማግስቱም ታጠብኩ። በዚያ ዓመት እጄ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጠቀ፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ብርዱ ሲገባ ድምፅ ስትሰማ የምትሸሸዋ ውሻ ወደ ድምፅ የምትሮጥ ሆነች። ርችት ሲፈነዳ ጭራዋን እያወዛወዘች ወጥ ቤት በር ላይ ትቀመጣለች። ባባ ሊፈትናት ግቢ ወጣና የመኪናውን ኮፈን በጡጫው ደለቀው። እየበረረች መጥታ ፊቱ ቁጭ አለች።

"ማሻአላህ!" አለ። "ያላ፣ ነገ ከእኛ ጋር ትሄዳለች።"

"ትኖራለች ብለህ ነበር!"

"የአደን ውሻ የት ነው የምትኖረው? ሶፋ ላይ?"

"እንግዲያው እኔም ልሂድ። አብስላለሁ፣ እሷንም እይዛለሁ።"

"እናቴን ማን ይይዛል?"

እናቱ በዚያ ሰሞን ጉልበታቸው ከድቷቸው ሽንት ቤት እንኳ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ነገሩ ገባኝ። ብትፈራ ትጣላለች፤ ባትፈራ ትወሰዳለች። ፍርዱ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ተቆርጦ ነበር። አሁንም ሰው ሲካሰስ ስሰማ፣ ዳኛው ማን ነው ብዬ ከመጠየቄ በፊት፣ ያ ሰው ቢያሸንፍ ምን ያገኛል ብዬ እጠይቃለሁ።

ሾፌሩን "አደራህን፣ ሲተኩሱ አጠገቧ ሁን" አልኩት። "ኢንሻአላህ፣ እህቴ" አለ። መኪናው ላይ ሊጭኗት ሲሉ ራሷ በደስታ ዘላ ወጣች። ከዚያ በፊት በደስታ ስትዘል አይቻት አላውቅም።

ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ግቢው በእንጨት ጭስና በእርጥብ አሸዋ ሽታ ተሞላ። መኪናው ኋላ ላይ ምንጣፍና ጀሪካን እንጂ ሌላ የለም። ባባ ዓይኔን ሳያይ አልፎኝ ገባ። ሾፌሩ ጓዙን ያወርዳል፤ እሱም አያየኝም። የያዘውን ምንጣፍ ከእጁ ቀማሁት።

"ተናገር።"

"አልሸሸችም" አለ። "መጀመሪያ ሲተኩሱ ንቅንቅ አላለችም። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ጥንቸሏን ለቀቁላትና ማባረር ጀመረች፤ እንደ ነፋስ እኮ ናት! ልትይዛት ስትል ተኮሱ።"

"ሸሸች?"

"አልኩሽ እኮ፣ አልሸሸችም። ጥንቸሏን ትታ ዞረች። ቀጥታ ማብሰያው ድንኳን ገብታ ድስቶቹ ፊት ቁጭ አለች። በተኮሱ ቁጥር እንደዚያ። ሰዎቹ በሳቅ ሞቱ። የባባ ወንድም 'አዳኝ ነው ወይስ ወጥ ቀማሽ የገዛኸው?' አለው። ከዚያ በኋላ ባባ አልሳቀም።"

ምንጣፉን አቅፌ ቆምኩ።

"ዛሬ ጠዋት ድንኳኑን ነቅለን ጫንን። ባባ እዚሁ ትቅር አለ። ለመንኩት እህቴ፣ በእናቴ ለመንኩት። መኪና ውስጥ መግባት ጀመሩ፤ በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ። በር ጓ ባለ ቁጥር ወደዚያ መኪና ትሮጥና ቁጭ ብላ ቀና ትላለች። ሌላው ሲዘጋ ወደዚያ ትሮጣለች። አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ።"

እጁን በሱሪው ጠረገ።

"የመጨረሻው የእኔ በር ነበር። እንዳትሰማ ብዬ ቀስ አድርጌ ሳብኩት። የዚያ መኪና በር በቀስታ አይዘጋም፤ ታውቂዋለሽ። መምታት ነበረብኝ።"

"መጣች?"

"መጣች።"

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም። ምንጣፉን አንድ ጫፍ እሱ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን አጠፍነው፤ አሸዋው እግራችን ላይ ረገፈ። የባባ እናት ከውስጥ ተጣሩ።

"ሁሉም ገቡ? የግቢውን በር ዝጉት እንጂ፣ ብርዱ ገደለኝ!"

ትልቅ የብረት በር ነው፤ ሲዘጋ ድምፁ መንገዱን ይሞላዋል። ሾፌሩ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። እሳቸው ደጋግመው ተጣሩ። ሁለታችንም ከቆምንበት አልተንቀሳቀስንም።